የግድቡ ቁመት ስንት ይሁን?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሽ ተቀምጠን ስንወያይ፣ ከምሕንድስና ተማሪዎች አንዱ ወንድማችን «እናንተ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ትከራከራላችሁ፤ እኛ ግን እናሰላለን» ሲል ወረፈን። ነገሩ በሣቅ አለፈ፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ከልባችን አልወጣም። እውነትም መሐንዲስ እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ዓላማዎች ሲያጋጥሙት፣ ይኸውም የሥራው ወጪ እንዲያንስ፣ ጥንካሬው እንዲበዛ፣ ጊዜውም እንዲያጥር በአንድነት ሲፈለግበት፣ ከሁሉ የሚሻለውን ነጥብ በሒሳብ የሚፈልግበት ዘዴ አለው። ይህ ዘዴ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል። እኛም ስሌቱ ክርክሩን በእርግጥ ያስቀረዋልን? ወይስ ወደ ሌላ ሥፍራ ያዛውረዋል? ብለን ጠየቅን። መልሱን ለማግኘት ጥቂት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብተን አገላበጥን፤ ያገኘነውንም እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ለምሳሌ የመረጥነው የሆላንድን የባሕር ግድብ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ ሥራ ላይ ስሌቱም ክርክሩም በግልጽ ተጽፈው ስለሚገኙ፣ ደግሞም ነገሩ የብዙ ሰው ሕይወት ስለነበረበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ከሆላንድ ምድር ሩብ የሚሆነው ከባሕር ወለል በታች ነው። ሕዝቡም ለብዙ መቶ ዓመታት ባሕሩን በግድብ እየከለከለ ሲያርስና ሲነግድ ኖሯል። በ1953 ጃንዩዋሪ 31 ሌሊት፣ ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ፣ ከሰሜን ምዕራብ የተነሣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የሰሜንን ባሕር ውሃ ወደ ደቡብ ገፋው። ጊዜው ባሕሩ ከወትሮው አብልጦ የሚሞላበት ስለነበረ ሁለቱ ተደራረቡና በዜይላንድና በአካባቢዋ ያሉት ግድቦች በብዙ ሥፍራ ተሰበሩ። ሰዉ ተኝቶ ነበር። 1,836 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 70,000 የሚጠጉትም ቤታቸውን ጥለው ወጡ። መንግሥቱ በዚያው ወር የዴልታ ኮሚሲዮን የተባለ ሸንጎ አቋቋመ። ኮሚሲዮኑም በደቡብ ምዕራብ ወደ ምድሩ የሚገቡት የባሕር ክንዶች በትላልቅ ግድቦች እንዲዘጉ አሳሰበ። ሁለት መንገዶች ብቻ፣ ማለትም ወደ ሮተርዳምና ወደ አንትወርፕ ወደቦች የሚወስዱት፣ ለመርከብ ሲባል ክፍት እንዲቀሩ ተደረገ። የዴልታ ሕግ በ1958 ወጣ።

በዚህ መካከል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ተነሣ። ግድቡ ምን ያህል ከፍ ይበል? የቀድሞው ልማድ እስከ ዛሬ የታየውን ከፍተኛ ውሃ ለክቶ በላዩ ጥቂት መጨመር ነበር። በ1953 ሁክ ቫን ሆላንድ በተባለው ሥፍራ ውሃው ከአምስተርዳም የውሃ ልክ በላይ 3 ሜትር ከ85 ደርሶ ነበርና፣ በልማዱ ቢሆን ከዚያ ትንሽ አልፎ መሥራት ይበቃ ነበር። የአምስተርዳሙ የሒሳብ ሊቅ ፕሮፌሰር ዳቪድ ቫን ዳንትዚግ ግን ይህን አልተቀበሉም። በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት ባሕር «ከዚህ አላልፍም» የሚልበት ከፍታ የለውም፤ ከፍ ያለው ውሃ እየብርቅ ይሄዳል እንጂ ከነጭራሹ አይቀርም። እንግዲህ ፍጹም ደኅንነት በምንም ዋጋ አይገዛም ማለት ነው። የሚገዛው አነስተኛ አደጋ ነው፤ ጥያቄውም በስንት ይገዛ የሚል ይሆናል።

አካሄዳቸውን እኛ በፈጠርነው ቁጥር እንየው። አንድ ዝቅተኛ አገር አለ እንበል። ግድቡ ዛሬ ባለበት ቁመት በየዓመቱ ከመቶ አንድ የመጥለቅለቅ ዕድል አለው፤ ውሃው ከገባ 1,000 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ንብረት ይጠፋል። ስለዚህ በአማካይ በየዓመቱ የሚጠበቀው ጥፋት 10 ሚሊዮን ነው። በ4 ከመቶ ወለድ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን የሚያስገኝ ገንዘብ 250 ሚሊዮን ነውና፣ የሚመጣው ዘመን ሁሉ ጥፋት በዛሬ ዋጋ 250 ሚሊዮን ይሆናል። አሁን ግድቡን በአንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 20 ሚሊዮን ያስፈልጋል፤ በየሜትሩም የመጥለቅለቁ ዕድል ወደ ዐሥረኛው ይወርዳል እንበል።

ምንም ባንሠራ የምንከፍለው 250 ሚሊዮን ነው፤ ሁሉም ጥፋት ነው። አንድ ሜትር ብንጨምር ለሥራው 20፣ ለቀረው ጥፋት 25፣ በጠቅላላው 45 ሚሊዮን። ሁለት ሜትር ብንጨምር ለሥራው 40፣ ለጥፋቱ 2 ተኩል፣ በጠቅላላው 42 ተኩል። ሦስት ሜትር ብንጨምር ግን ከ60 ሚሊዮን ያልፋል፤ ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ሆኖም ወጪው ራሱ ጥፋት ሆኗል። በአንደኛውና በሁለተኛው ሜትር መካከል ብንፈልግ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ጠቅላላው ወደ 38 ሚሊዮን ወርዶ እናገኘዋለን። ከዚህ የሚያንስ የለም። ምርጡ ነጥብ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የመጨረሻዋ ሳንቲ ሜትር የምትፈጀው ገንዘብና የምታድነው ጥፋት እኩል ናቸው። ከዚያ በታች እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ከዋጋዋ በላይ ታድናለች፤ ከዚያ በላይ ከምታድነው በላይ ትበላለች።

እስከዚህ ድረስ የምሕንድስናው ወንድማችን ረትቶናል። ቁጥሮቹን እየለዋወጥን ስንሞክር ግን ያልጠበቅነው ነገር አጋጠመን። የሚጠፋው ንብረት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 2,000 ሚሊዮን ነው ብንል ምርጡ ቁመት የሚጨምረው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዐሥር እጥፍ ብናደርገው አንድ ሜትር ይጨምራል። ወለዱን ከ4 ወደ 2 ከመቶ ብናወርደውም እንዲሁ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። (ወለዱ የባንክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወለዱ ከፍ ባለ ቁጥር በልጅ ልጆቻችን ላይ የሚደርሰው ጥፋት በዛሬው መዝገብ ላይ እያነሰ ይሄዳል፤ ይህንንም የሚወስነው የሒሳብ ሕግ አይደለም።) እንግዲህ ሰው «የንብረቱ ግምት ትክክል አይደለምና ስሌቱ በሙሉ ከንቱ ነው» ቢል ተሳስቷል። ግምቱ በእጥፍ ቢሳሳት ግድቡ የሚሳሳተው በክንድ እንኳ አይሞላም። እኛ ክርክር ወዳዶቹ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ይህን ነው። የቱ ቁጥር ነገሩን እንደሚያናውጥና የቱ እንደማያናውጥ ሳናውቅ ስለ ሁሉም በእኩል ድምፅ እንጮኻለን።

ይሁን እንጂ በዚህ መዝገብ ውስጥ 1,836ቱ ሰዎች የት አሉ? መዝገቡ የሚያውቀው ብር ነው። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ፋብሪካው ገብቷል፤ የሞተው ሰው ግን ወይ ዋጋ ተተምኖለት ይገባል፣ ወይም ከውጭ ይቀራል።

የፕሮፌሰር ቫን ዳንትዚግ ስሌት ለማዕከላዊው ሆላንድ፣ ማለትም ትላልቆቹ ከተሞች ላሉበት ክፍል፣ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ሰጠ፤ ይህም በዓመት ከ125,000 አንድ የሆነ ዕድል ማለት ነው። ኮሚሲዮኑ ግን ለሁክ ቫን ሆላንድ 5 ሜትር፣ ማለትም ከ10,000 አንድ፣ ይበቃል አለ። ውሃው ከተቆረጠው ከፍታ ስላለፈ ግድቡ ወዲያው ይፈርሳል ማለት አይደለም የሚል ምክንያት ነበረበት። ለዜይላንድስ? ለዜይላንድ የተቆረጠው ከ4,000 አንድ ነው። ይህን ስናነብ ቆም ብለን ደግመን አነበብነው። በ1953 ብዙ ሕዝብ ያለቀበት አገር ከዋና ከተሞቹ ያነሰ ጥበቃ ተሰጠው። ስሌቱ ተሳስቶ አይደለም። በአንድ ስፍራ የሚጠፋው ንብረት ሲያንስ ምርጡ ቁመትም ያንሳል፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተጠየቀው ግን ገንዘብ ነበር።

መልሱ የተለወጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ መሠረት፣ ከግድብ ኋላ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ሀብታም ከተማ ውስጥ ይኑር ወይም በደሴት ላይ ያለ ገበሬ ይሁን፣ በጎርፍ የመሞት ዕድሉ በዓመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ ታስቧል፤ ይህም እስከ 2050 ድረስ ሊፈጸም የተቆረጠ ነው። ከዚህ ወሰን በላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ በወጪና በጥፋት ስሌት ይወሰናል። አንባቢ ልብ ይበል፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ አልተጣለም። የተደረገው ነገር የሰው ሕይወት ከድምሩ ወጥቶ ወሰን መሆኑ ነው። በድምር ውስጥ ያለ ነገር በሌላ ይለወጣል፤ ሕይወቱ ጎደለ፣ ገንዘቡ ተረፈ፣ ድምሩ ያው ነው ሊባል ይቻላል። ወሰን የሆነ ነገር ግን በምንም አይለወጥም፤ ሌላው ሁሉ እርሱ ከተጠበቀ በኋላ ይታሰባል። አንድን ነገር ከድምሩ ወይስ ከወሰኑ ዘንድ እናስቀምጠው የሚለውን ደግሞ ስሌቱ ራሱ ሊነግረን አይችልም። እዚህ ላይ ክርክር ወዳዶቹ ወደ አዳራሹ ተመልሰን የምንገባ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ እርሱም ኦስተርስኬልዴ የሚባለው የባሕር ክንድ ነው። በዴልታው ዕቅድ ከሚዘጉት ሁሉ ሰፊው እርሱ ነበርና ለመጨረሻ ቆይቶ ነበር። ጎረቤቶቹ ቀድመው ተዘግተዋል፤ ሃሪንግፍሊት በ1970፣ ግሬቨሊንገን በ1971። በግሬቨሊንገን የባሕሩ መሙላትና መጉደል ቆመ፤ በዚያም የሚኖሩት ፍጥረቶች ምን እንደሚሆኑ ሕዝቡ በዓይኑ አየ። የኦስተርስኬልዴ ዳርቻ ሰዎች፣ በተለይም የየርሰከ ከተማ ዓሣ አጥማጆች፣ የሚኖሩት ኦይስተርና መስል የሚባሉትን ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረቶች እያረቡ በመሸጥ ነው። እነዚህ ደግሞ ያለ ጨው ውሃና ያለ ባሕሩ መመላለስ አይኖሩም። ስለዚህ ዓሣ አጥማጆቹና የተፈጥሮ ወዳጆች «አይዘጋ» አሉ። በሌላው ወገን በ1953 ዘመዶቻቸውን የቀበሩ የዚያው የዜይላንድ ሰዎች «ሃያ ዓመት ጠበቅን፤ አሁንስ ዝጉት» አሉ። በአንድ መንደር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ነበሩ። የትኛው ወገን ሞኝ ነበር ለማለት አይቻልም።

ሦስት መንገዶች ቀረቡ። አንደኛው እንደ ዕቅዱ ክንዱን በሙሉ መዝጋት፤ ሁለተኛው ክፍት አድርጎ ትቶ በዙሪያው ያሉትን የድሮ ግድቦች ሁሉ ከፍ ማድረግ፤ ሦስተኛው በአፉ ላይ መዝጊያ ያለው ግድብ መሥራት፣ ማለትም በደህና ቀን ውሃው እንዲገባና እንዲወጣ ከፍቶ፣ ዐውሎ ሲመጣ መዝጋት። የመንግሥቱ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ራይክስዋተርስታት ከአሜሪካው ራንድ ኮርፖሬሽን ጋር ሆኖ ከ1975 ጀምሮ ሦስቱን መረመረ።

ከዚህ በፊት ስለ አንድ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። ቪልፍሬዶ ፓሬቶ (1848–1923) በቱሪን ምሕንድስና ተምረው፣ በምድር ባቡር ሥራ ቆይተው፣ በኋላ በሎዛን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ አስተማሪ የሆኑ ሰው ናቸው። (ከሁለቱ ፋኩልቲዎች የየትኛው ወገን እንደሆኑ ለመፍረድ እናንተን እንተዋለን።) ከእርሳቸው የተገኘውን ሐሳብ ለማስረዳት ከስድስት ኪሎ አካባቢ ክፍል የሚከራይ ተማሪ እንውሰድ። ክፍሉ ቅርብ፣ ርካሽና ጸጥተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። ከሌላው ይልቅ ሩቅም፣ ውድም፣ ጫጫታ የበዛበትም የሆነ ክፍል ቢያጋጥመው ያለ ክርክር ይተወዋል። እንዲህ ያሉት ሁሉ ከተጣሉ በኋላ የሚቀሩት አንዱ በዚህ ሲበልጥ በዚያ የሚያንስ ናቸው፤ ቅርቡ ውድ ነው፣ ርካሹ ሩቅ ነው፣ ጸጥተኛው ዳገት ላይ ነው። በእነዚህ መካከል በአንዱ ላይ ለመሻሻል በሌላው ላይ መክፈል ግዴታ ነው። የሒሳቡ ወንፊት እስከዚህ ያደርሰናል፤ ከዚህ በኋላ የሚያልፈውን የሚለየው ተማሪው ራሱ ነው።

እርግጥ አንዳንድ አሳቢዎች በዚህ ሥፍራ ለየዓላማው ክብደት ይሰጣሉ፤ ለቅርበት 50፣ ለዋጋ 30፣ ለጸጥታ 20 ብለው አባዝተው ይደምሩና አንድ አሸናፊ ያወጣሉ። ይህ መንገድ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ክብደቱን የሰጠው ሰው በዚያው ጊዜ ፈርዶ ጨርሷል። ይባስ ብሎም አስቀድሞ በልቡ የመረጠውን ክፍል የሚያሸንፍ ክብደት መፈለግ ይቻላል። እኛው ራሳችን ለዚህ ጽሑፍ ስንለማመድ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም ክፍሎች በየተራ አሸናፊ ማድረግ ችለናል።

የኦስተርስኬልዴ መርማሪዎች ሁሉንም በአንድ ቁጥር አልደመሩም። ትልቅ ሠንጠረዥ ሠሩ። በአንድ ወገን ሦስቱ መንገዶች፣ በሌላው ወገን የደኅንነቱ፣ የወጪው፣ የዓሣው ሥራ፣ የመርከቡ ጉዞ፣ የመዝናኛው፣ የተፈጥሮው ጉዳይ በየራሱ መለኪያ ተጻፈ፤ ብሩ በብር፣ ሥራ የሚያጣው ሰው በሰው ቁጥር ሆነ ማለት ነው። በየመስመሩ የተሻለውና የባሰው ተለይቶ እንዲታይም ተደረገ። በሁሉም መስመር የሚያሸንፍ መንገድ አልተገኘም። መዝጋቱ በወጪ ሲሻል በተፈጥሮና በዓሣ ሥራ ከሁሉ የባሰ ሆነ። መዝጊያ ያለው ግድብ ከሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ሠንጠረዡ «ይህን ምረጡ» አላለም፤ ለሕዝቡ እንደራሴዎች ተሰጠ፤ እነርሱም በ1976 ውድ የሆነውን መዝጊያ ያለውን ግድብ መረጡ።

በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። የሆላንድ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ የባሕሩን መመላለስ ገዛ፤ ስንት እንደከፈለና ምን እንደገዛም እያወቀ ነው። ሠንጠረዡ ባይኖር ኖሮ ደግሞ አንዱ ወገን በለቅሶ፣ ሌላው በሰልፍ ያሸንፍ ነበር፤ ዋጋውን ማንም ሳያውቀው ይቀር ነበር። ወንድማችን «እናሰላለን» ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ እኛም ከእርሱ ጋር ነን። ነገር ግን ሠንጠረዡን ማንበብ የማይችል እንደራሴ፣ ጋዜጠኛ ወይም ሹም ቢሆን ኖሮ በፊቱ የተቀመጠው ወረቀት ምን ይረባው ነበር? የአርት ፋኩልቲ ተመራቂ በነገው ሥራው በዚያ ወንበር የሚቀመጥበት ጊዜ ይኖራል። በትምህርታችን ውስጥ ለአንድ ሴሚስተር እንኳ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ የማንበብ ልምምድ ብናገኝ በጎ ነው እንላለን። በምሕንድስና በኩልም በሠንጠረዡ ላይ የቱ መስመር ጎድሏል ብሎ የመጠየቅ ልምምድ ይጨመር። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል፤ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ማየት ከተጻፈው ይልቅ ያስቸግራልና።

ግድቡ 65 የኮንክሪት ምሰሶዎችና በመካከላቸው የሚወርዱ 62 የብረት መዝጊያዎች ያሉት ሆኖ ተሠራ፤ በ1986 ኦክቶበር 4 ቀን ንግሥት ቤያትሪክስ መርቀው ከፈቱት። ውሃው ከአምስተርዳም ልክ 3 ሜትር በላይ ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ መዝጊያዎቹ ይወርዳሉ፤ በሌላው ቀን ባሕሩ ይገባል፣ ይወጣል። የየርሰከ ሰዎችም ዛሬ መስልና ኦይስተር ያረባሉ።

ሆኖም ክፍት ነው ቢባልም የውሃው መግቢያ ከቀድሞው 80,000 ካሬ ሜትር ወደ 18,000 ገደማ ጠቧል። ስለዚህ የውሃው ሩጫ ደከመ። ቀድሞ ዐውሎ ከአሸዋ ደለሎቹ ላይ አጥቦ የሚወስደውን አሸዋ፣ በኋላ የባሕሩ መመላለስ መልሶ ይቆልለው ነበር፤ አሁን ግን ማጠቡ እንዳለ ሲሆን መቆለሉ ደክሟል። ባሕሩ ሲጎድል ወፎች ወርደው የሚመገቡባቸው ደለሎች ከዓመት ዓመት እየተሸረሸሩ ይሰጥማሉ። የአገሩ ሰዎች ይህን «የአሸዋ ረሃብ» ይሉታል። በ2019 እና በ2020 መካከል ሮገንፕላት በተባለው ደለል ላይ ከ1 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ አሸዋ በመርከብ አምጥተው አፈሰሱ። የባሕሩም ወለል ከፍ እያለ ሲሄድ መዝጊያዎቹ ከዛሬው ይልቅ አዘውትረው መውረድ ይኖርባቸዋል፤ በተዘጉም ቁጥር ያ የተገዛው መመላለስ ይቀንሳል። ሠንጠረዡም እንደገና መሠራቱ የማይቀር ነው፤ በዚህ ጊዜ አሸዋው የራሱ መስመር ይኖረዋል።